በለስላሳ ማቀዝቀዣው በኩል ያለው ጥግ

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 1

ይህ ደብተር የተገዛልኝ ዘጠነኛ ክፍልን እንድደግምበት ነበር። ትምህርት ቤት አልተመለስኩም። አባዬ አልተቆጣኝም፤ የፔካን ለውዝ መፈልፈያው ፋብሪካ ፍሬ የሚለቅም ሰው እንደሚፈልግ ብቻ ነግሮኝ ቆቡን አድርጎ ወጣ። ደብተሩ ባዶውን ከሚቀመጥ ብዬ ነው የምጽፍበት።

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን ወደ ቀድሞ ወታደሮች አዳራሽ ሄድኩ። ድሮ ከእማዬ ጋር ስሄድ እሷ ትደንሳለች፣ እኔ ግድግዳውን ተጠግቼ የሴቶቹን ቦርሳ እጠብቃለሁ። አሁን እማዬ አማሪሎ ከተማ ናት። እህቷ፣ አክስቴ ቬርላ፣ ጉልበቷን ኦፕራሲዮን ሆናለች፤ የሚያነሳት የሚያስቀምጣት ሰው ያስፈልጋታል። እማዬ ከሄደች አሥራ ሁለት ቀን ሆነ።

የሄድኩት ጥጓን ልጠብቅላት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሐሙስ ሐሙስ በሰልፍ ነው የሚደነሰው፤ አራት ረድፍ፣ በየረድፉ ስድስት ሰባት ሰው። ማንም የማንንም እጅ አይዝም። ሁሉም አንድ ግድግዳ እያየ ይጀምራል። እርምጃው ሲያልቅ ሩብ ዙር ዞሮ ያንኑ በሁለተኛው ግድግዳ፣ ከዚያ በሦስተኛው፣ በአራተኛው ይደግመዋል። ስለዚህ ከኋላ ተደብቆ የጀመረ ሰው ቆይቶ ራሱን ከፊት ያገኘዋል። የማያውቁት የሚያውቁትን እግር እያዩ ነው የሚሄዱት፤ ከፊታቸው የሚያውቅ ሰው ከሌለ ይጠፋሉ። አራቱ ጥጎች ላይ እግራቸው የማይሳሳት ሰዎች የሚቆሙት ለዚህ ነው። በየትኛውም በኩል ቢዞር ከፊት የሚታይ ሰው አይጠፋም።

በለስላሳ ማቀዝቀዣው በኩል ያለው ጥግ የእማዬ ነው። አምስት ዓመት ቆማበታለች።

የሚያስደንሱን ሚስ ዊላዲን በየጥጉ በቀይ ፕላስተር መስቀል ለጥፈዋል። ሙዚቃው ከመከፈቱ በፊት የአራቱን ስም ይጠራሉ። ያለ ሰው "አለሁ" ይላል። ከሌለ፣ ከቤተሰቡ አንዱ ወለሉ ላይ ቆሞ "ይመለሳል" ወይ "ትመለሳለች" ማለት አለበት። እንዲህ ከተባለ መስቀሉን ማንም አይረግጠውም። የሚናገርለት ከሌለ ጥጉ ለሌላ ይሰጣል። ወንበር ላይ ተቀምጦ መመለስ አይቻልም፤ ለጥግ የሚናገር ሰው አብሮ ይደንሳል።

"ትዋይላ ፕሩይት" ብለው የእማዬን ስም ሲጠሩ "ትመለሳለች" ያልኩ መስሎኝ ነበር። ማንም አልሰማኝም።

"ጮክ በይ ልጄ" አሉ ሚስ ዊላዲን። "ከእግዜር ጋር አይደለም የምታወሪው።"

ጮክ አልኩ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ።

የቀረው ነገር ቀላል መስሎኝ ነበር። ዳንሶቹን በሙሉ አውቃቸዋለሁ፤ እማዬ ወጥ ቤት ውስጥ አስተምራኛለች። ሙዚቃው ሲከፈት ሁሉም ወደ ቀኝ ሲሄድ እኔ ወደ ግራ ሄድኩ። ከሚስ ኦሊታ ጋር ተላተምን። ሚስ ኦሊታ ትልቅ ሴት ናቸው፣ የፖስታ ቤቱ። ግንባሬ አገጫቸውን መታው።

"ደግነቱ ጥርሴ የተገዛ ነው" አሉ አገጫቸውን ይዘው። ሰው ሁሉ ሳቀ። በሁለተኛው ግድግዳ ደግሞ ሁሉም ወደ ግራ ሲዞር እኔ ወደ ቀኝ ዞርኩ፤ ሃያ ስድስት ሰው ፊት ለፊቴ ቆሞ አገኘሁት።

ለምን እንደሆነ አልገባኝም። እርምጃዎቹን አልረሳሁም። አንዱንም አልረሳሁም።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 4

እማዬ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ደወለች። እሑድ እሑድ እደውላለሁ ብላለች። አባዬ ስልኩ ሲጠራ የመኪናውን ጎማ ለማየት ወጣ።

"ሾኒ፣ ቦታዬ አለ?" አለችኝ መጀመሪያ።

አለ አልኳት። ከሚስ ኦሊታ ጋር መላተሜን አልነገርኳትም። የአክስቴን ጉልበት ስጠይቃት ቀስ በቀስ ነው አለች። ከኋላዋ ውሻ ይጮኻል። አክስቴ ቬርላ ውሻ አትወድም ነበር። ሰው ሲታመም ሆዱ ይራራል መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 10

ሚስ ዊላዲን ዛሬ ጠዋት አዳራሹን ከፍተው ለብቻዬ አስተማሩኝ። ሐሙስ ዕለት ሁለት ሰው ረግጬ ነበር። ሚስ ዊላዲን ሲያወሩኝ አይጨንቀኝም። ትምህርት ቤት ሳለሁ የአውቶቡሳችን ሾፌር እሳቸው ነበሩ፤ ስምንት ዓመት ከኋላቸው ባለው ወንበር ተቀምጫለሁ። ያ ወንበር ማንም የማይፈልገው ነው።

አንዴ ደንሺ አሉኝ። ደነስኩ። ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁኝ፤ እማዬ፣ ወጥ ቤት ውስጥ አልኳቸው።

"ፊት ለፊትሽ ቆማ?"

"አዎ።"

ሳቁ። ክፉ ሳቅ አልነበረም። "እንግዲያው የምታውቂው ሁሉ ትክክል ነው፤ ተገልብጦ ነው እንጂ" አሉኝ።

የእማዬ ቀኝ ለኔ ግራ ነበር። እሷ ወደዚያ ስትሄድ እኔም አብሬ ወደዚያው፣ እንደ መስታወት። አምስት ዓመት ሙሉ የተማርኩት በሙሉ ተቃራኒ ነው። አስተማሪ ጀርባውን ሰጥቶ የሚያስተምረው ለዚህ ነው አሉኝ፤ ንቀት አይደለም። እማዬ ይሄን ታውቃለች። ታውቃለች፤ የጥግ ሰው ናት። ግን ወጥ ቤታችን ጠባብ ስለሆነ ይሆናል። ወይም ስንደንስ ፊቴን ማየት ትወድ ስለነበር።

እንዲህ አድርጊ አሉኝ፦ ዓይንሽን ጨፍነሽ እናትሽን በሐሳብሽ አዙሪያት። ጀርባዋን ስትሰጥሽ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይይዛል።

ሞከርኩ። የምትደንሰውን እማዬን የማውቃት በፊቷ ነው፤ ከንፈሯን ነክሳ፣ ቅንድቧን ወጠር አድርጋ "አሁን፣ አሁን ዙሪ" ስትለኝ። ጀርባዋን ሳስብ የሚመጣልኝ አንድ ብቻ ነው። በኦገስት፣ ሰማያዊ ሸሚዟን ለብሳ ወደ አረንጓዴው መኪና ስትሄድ። አማሪሎ የሚሄድ የአክስቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር የወሰዳት። ሻንጣዋን ራሷ ነው ያነሳችው፤ እሱ ከመኪናው አልወረደም።

ያን ማሰብ አልፈልግም። በሌላ መንገድ እማራለሁ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 15

"ትመለሳለች" አልኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ተሳሳትኩ። ሁለት ጊዜ። መፈልፈያው ላይ ሥራ ውዬ እጄ አብጧል፣ በኋላ እጽፋለሁ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 22

አዲስ ሴት መጣች። ጌሊን ትባላለች። ባሏ የእህል ጎተራው ላይ ሥራ አግኝቶ ከኤኒድ ከተማ ነው የመጡት። ቀይ ቦት ጫማ አድርጋለች። ሚስ ኦሊታ "ቦቱ ይደንሳል ወይስ ለመታየት ነው?" አሏት። "ቦቱ ይደንሳል፤ እኔ እከተለዋለሁ" አለች።

እግሯ አይሳሳትም። ወለሉን የምትነካው አይመስልም። በዕረፍቱ ሁሉም ከበቧት።

ከዚያ ሳታውቅ በእማዬ መስቀል ላይ ቆመች።  እኔ መናገር አለብኝ ብዬ ጉሮሮዬን ስጠርግ ቆየሁ። ሚስ ዊላዲን ናቸው በመጨረሻ ባለቤት እንዳለው የነገሯት። እሳት እንደረገጠች ወደ ኋላ አለች፤ ወደኔ መጥታ ይቅርታ ጠየቀችኝ። እናትሽ መቼ ነው የምትመጣው አለችኝ። በቅርቡ አልኩ። ዓይኗ ጥሩ ነው። ክፉ ብትሆን ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 25

"ቦታዬ አለ?"

"አለ።"

ስለ ጌሊን አልነገርኳትም። ስለ አባዬ አልጠየቀችም። የውሻውን ስም ልጠይቃት አስቤ ተውኩት።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 6

መጸዳጃ ቤት ውስጥ ሆኜ ሰማሁ። እጅ መታጠቢያው ጋ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ ሚስ ኦሊታ ናቸው፣ ሌላዋን በድምፅ አላወቅኋትም። የዚህ አገር ጉልበት በስድስት ሳምንት ይድናል፣ የአማሪሎ ጉልበት ምን ሆኖ ነው አለች ሌላዋ። ሚስ ኦሊታ አልሳቁም። "ተይ፣ ልጅቷ ትሰማለች" አሉ። እኔ እግሬን ከወለሉ አንስቼ ተቀመጥኩ።

ሚስ ኦሊታ ፖስታ ቤት ስለሚሠሩ የሰው ነገር ሁሉ ያውቃሉ ይባላል። ከእማዬ ደብዳቤ መጥቶ አያውቅም፤ ስለዚህ የእኛን ከየት ያውቃሉ? ምንም አያውቁም።

ከወጣሁ በኋላ ሚስ ኦሊታ ሳንዱቻቸውን ገምሰው ሰጡኝ። አልበላሁትም። አሁን ሳስበው ነውር ነው፣ መብላት ነበረብኝ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 13

ዛሬ ትልቅ ጥፋት ሆነ። ጥፋቱ የኔ ነው።

ኖቬምበር 19 የፔካን በዓል ነው፤ ቡድኑ በየዓመቱ ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት አደባባይ ላይ ይደንሳል። ለዚያ የሚሆነውን ዳንስ ሚስ ዊላዲን ዛሬ አስጀመሩን። ስሙ "የአጥር በር" ነው። ሦስተኛው ግድግዳ ላይ ሁሉም ወደ ለስላሳ ማቀዝቀዣው ሲዞር ከፊት ጥግ ያለው ባዶው መስቀል ነው። በዚያ በኩል ያሉት አዲሶቹ የሚያዩት እግር የላቸውም። አንዱ ቆመ፣ ሌላው ገጨው፣ አንዲት ባልቴት ሊወድቁ ሲሉ በእጃቸው ወለሉን ተደገፉ። ምንም አልሆኑም። ግን ሙዚቃው ተዘጋ።

ማንም መስቀሉን አላየም። ሁሉም እንዳላዩ ለመምሰል ሌላ ሌላውን ያያሉ። ጌሊን ከመሀል ረድፍ ጎንበስ ብላ ጫማዋን ታስራለች፤ የእሷ ቦት ማሰሪያ የለውም።

ሲያልቅ ሚስ ዊላዲን ወደ ጎን ወሰዱኝ። ለበዓሉ ጥጉ ባዶ ሊሆን እንደማይችል ነገሩኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው።

"ከእናትሽ ጋር ትነጋገራላችሁ?"

"በየሳምንቱ።"

"መቼ ነው የምትመጣው አለችሽ?"

ኖቬምበር 10 አልኩ። ለምን ያን ቀን እንዳልኩ አላውቅም። ግድግዳው ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ የኖቬምበርን ገጽ ያሳይ ነበር፣ አንድ ሰው ቀድሞ ገልብጦታል። ሐሙስ ስለሆነም ነው። ሚስ ዊላዲን ትክ ብለው አዩኝ። እንግዲያው እስከዚያ ይቆይላታል አሉ።

የሰው እጅ ሊሰበር ነበር። በኔ ምክንያት።

እሑድ፣ ኦክቶበር 16

ጠየቅኋት። በመጀመሪያ ወረቀት ላይ ጽፌ ስልኩ አጠገብ አስቀመጥኩት፣ እንዳልረሳው። "በኖቬምበር 10 መምጣት ትችያለሽ ወይ? ለበዓሉ ነው። አንቺ ከሌለሽ አይሆንም።" አነበብኩላት።

 ከዚያ "እናያለን የኔ ቆንጆ" አለች።

እማዬ እናያለን ስትል እሺ ማለቷ ነው። ፈረስ ላይ መቀመጥ ፈልጌ ስለምናት እናያለን ብላ ነበር። ያ ጊዜ ዝናብ ስለነበር ነው የቀረው።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 22

ወጥ ቤት ውስጥ "የአጥር በር"ን ስለማመድ አባዬ ገባ። በር ላይ ቆመ። አባዬ የነዳጅ ጉድጓድ ፓምፕ ነው የሚጠግነው፤ ሲመጣ እጁን ሳይታጠብ ምንም አይነካም። ዛሬ ሳይታጠብ ጠረጴዛውን በሁለት እጁ አንስቶ ወደ ግድግዳ አስጠጋልኝ። የእጁ ቅባት ጠርዙ ላይ ቀረ።

ስትዞሪ ይሰፋልሻል አለ። ከዚያ "እሷ እዚህ ጋ ወደ ወዲያ ነበር የምትሄደው" አለ።

ወደ ወዲያ የምትሄድ የምትመስለው ፊት ለፊት ስለምትቆም እንደሆነ ነገርኩት። በሐሳብ ማዞር እንደሚያስፈልግ። አባዬ ራሱን ነቀነቀ። ኖቬምበር 10 እንደምትመጣ ስነግረው ወደ ቧንቧው ሄዶ እጁን መታጠብ ጀመረ፤ ውኃው ለረጅም ጊዜ ሲወርድ ሰማሁ።

እሷ እንደማትናፍቀው አስብ ነበር። ምናልባት ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። ቤታችን ውስጥ የሚናገር ሰው የለም፤ እሱም እንደኔ ነው። እማዬ ነበረች የሁለታችንንም የምትናገርልን።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 27

"ትመለሳለች።" ድምፄ አሁን ራሱ ይወጣል። አንድም አልተሳሳትኩም። ሦስተኛው ግድግዳ ላይ ግን ሰዎቹ አሁንም ይጠፋሉ። ጌሊን ከመሀል ሆና በእጇ ልታሳያቸው ትሞክራለች።

ረቡዕ፣ ኖቬምበር 2

ከሥራ እንደገባሁ ስልክ ጮኸ። ረቡዕ ማንም አይደውልልንም።

አክስቴ ቬርላ ነበረች።

"ሾና ነሽ? አድገሻል፣ ድምፅሽ እንደ እናትሽ ሆኗል። የት ሄደች? አንድ ነገር ልጠይቃት ነበር።"

ጉልበትሽ እንዴት ነው አልኳት። የቱ ጉልበት አለች። እየሳቀች ነው ያለችው። ከጁን ጀምሮ እኮ ድምፅሽን አልሰማሁም፣ እናትሽማ ረስታኛለች አለች።

ጓሮ ልብስ እያሰጣች ነው አልኩ። ስትገባ እነግራታለሁ አልኩ። እሺ የኔ ልጅ፣ ንገሪያት አለችኝ። ውሻ አልጮኸም።

ከዚያ በኋላ ጓሮ ወጣሁ። ለምን እንደወጣሁ አላውቅም። ገመዱ ላይ ምንም የለም።

አክስቴ ኦፕራሲዮኑ እንዲታወቅ ሳትፈልግ ደብቃው ይሆናል። ሰው በሽታውን ይደብቃል።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 3

"ትመለሳለች" አልኩ። ከበፊቱ ሁሉ ይልቅ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሚስ ኦሊታ "እሰይ፣ ድምፅ አወጣሽ" አሉኝ። ደስ ያላቸው ይመስላል።

ውሸታም ነኝ። እስከ ባለፈው ሳምንት አልነበርኩም። አሁን ነኝ።

እሑድ፣ ኖቬምበር 6

ስልኩ ሲጮኽ አባዬ ወጣ። አሥር ጊዜ ጮኸ፤ በአሥራ አንደኛው አነሳሁት።

"ቦታዬ አለ?"

አለ አልኳት።  የት ነሽ ለማለት ሁለት ቃል ይበቃ ነበር፤ አላልኩም። ሐሙስ ትመጫለሽ ወይ አልኩ። ሾኒ፣ እናያለን አልኩሽ እኮ አለች። የወንድ ድምፅ ከሩቅ አንድ ነገር ጠየቀ፣ እሷ አፉን ሸፍና መለሰች። የስልኩን አፍ ማለቴ ነው።

ስለ ጉልበቱ አልጠየቅኋትም። ብጠይቃት እንደገና ትዋሸኛለች፣ ከዚያ እሷም እኔም እናውቃለን።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 10

ሁሉንም ልጽፈው ነው።

ከሁሉም ቀድሜ አዳራሽ ደረስኩ። በመኪና ማቆሚያው በኩል ባለው መስኮት ቆሜ የሚገቡትን አየሁ። ሚስ ኦሊታ ኬክ ይዘው መጡ። ጌሊን መጣች፤ ዛሬ ቀዩን ቦት አላደረገችም፣ ተራ ቡናማ ጫማ ነው። ይመስለኛል እማዬ ስትገባ እንዳትበልጣት ብላ ነው። ለማታውቃት ሰው።

ሰው ሁሉ ቦታ ቦታውን ያዘ። ሚስ ዊላዲን መጥራት ጀመሩ። አንደኛው ጥግ አለሁ። ሁለተኛው አለሁ። ሦስተኛው አለሁ።

"ትዋይላ ፕሩይት።"

በሩን አየሁ። ከዚያ መስቀሉን አየሁ። ከዚያ በዚያ በኩል ያሉትን አዲሶቹን፣ ወለሉን የተደገፉትን ባልቴት ጭምር። ሚስ ዊላዲን ደግመው አልጠሩም። ጠበቁ። 

"አትመለስም" አልኩ።

 ማቀዝቀዣው ብቻ ያጉረመርማል። ከዚያ አፌ በራሱ ቀጠለ፦ "ሚስ ጌሊን፣ እርስዎ ይቁሙበት።"

ጌሊን አልተንቀሳቀሰችም። ሚስ ዊላዲንን አየች፣ ከዚያ እኔን። እርግጠኛ ነሽ ወይ አለችኝ። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ቀስ ብላ ሄዳ ቆመች፤ መስቀሉን በእግሯ አልሸፈነችውም፣ ከዳሩ ነው የቆመችው።

ደነስን። ሦስተኛው ግድግዳ ላይ ማንም አልጠፋም።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። ሚስ ዊላዲን በመኪናቸው ወደ ቤት ሲወስዱኝ ነገሩኝ። መኪናውን ቤታችን ደጃፍ አቁመው፣ መሪውን እንደያዙ፣ ወደኔ ሳይዞሩ።

"እናትሽ በኦገስት ከመሄዷ በፊት ቤቴ መጥታ ነበር። ጥጉን ለፈለጉት ይስጡ፣ እኔ አልመለስም አለችኝ።"

በመጀመሪያ አልገባኝም። ከዚያ ገባኝ። ከዛሬ በፊት አሥር ሐሙስ ቆጠርኩ። አሥሩንም ስሟን ጠርተዋል፤ አሥሩንም እያወቁ ነው የጠሩት።

"ሁሉም ያውቃሉ?" አልኩ።

"ከኦሊታ የሚደበቅ የለም። ኦሊታ ካወቀች ደግሞ…" አሉና ተዉት። ልጅቷ ራሷ እስክትለው ይቆይ ብለን ነው አሉ። የሚያስቸኩል ነገር አልነበረም አሉ።

የሚያስቸኩል ነገር ነበር። ሰው ሊሰበር ነበር። ሃያ ስድስት ሰው ባዶ ቦታ ዙሪያ እየተጋጨ ሲደንስ ከረመ፣ ለኔ ብሎ፣ እኔ ለእማዬ የማቆየው መስሎኝ። ድምፅ አወጣሽ ያሉኝ ቀን ምን ብለው አስበው ይሆን? ቆማ ስትዋሽ አቤት ስታምር?

አመሰግናለሁ ማለት ነበረብኝ። የመኪናውን በር ሳልዘጋው ነው ቤት የገባሁት። በሩ ክፍት እንደሆነ ሲቆዩ በመስኮት አየኋቸው፤ ኋላ ላይ ራሳቸው ተንጠራርተው ዘጉት።

ሰኞ፣ ኖቬምበር 14

መፈልፈያው ላይ ማሽኑ ስለሚጮኽ ማንም አያወራም። ደስ የሚለኝ ለዚህ ነበር። ዛሬ ግን ሰው ቢያናግረኝ ፈልጌ ነበር። ከጎኔ ያለችውን ሴትዮ አየኋት፤ ፍሬውን ነው የምታየው። ስሟን አላውቅም። ሁለት ወር ሙሉ አጠገቧ ቆሜአለሁ።

እማዬ እሑድ አልደወለችም።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 17

አልሄድም ብዬ ነበር። ሄድኩ። ማንም ስለ ባለፈው አላነሳም። ሚስ ዊላዲን አራተኛውን ስም ሲጠሩ "ጌሊን ቱሊ" አሉ። አለሁ አለች። እኔን በስም የሚጠራኝ የለም፤ መሀል ረድፍ የሚጠራ የለም።

ዛሬ ዓይኔን ጨፍኜ እማዬን አዞርኳት። ባለ ሰማያዊ ሸሚዟን። ቀኟ ቀኜ ሆነ። በጣም ቀላል ነበር፤ ከመጀመሪያውም ይሄ ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ከዚያ በኋላ አለቀስኩ፣ ግን ውጭ ነው፣ መኪኖቹ መሀል።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 19

በዓሉ አለፈ። ብርድ ነበር። አደባባዩ ላይ በነጭ ጠመኔ የተሠመረ መስመር ውስጥ ደነስን። አባዬ ከሰዎች ኋላ ቆሞ አየሁት፤ እጁን ታጥቧል። አልተሳሳትኩም። ማንም አልተሳሳተም። ሰው አጨበጨበ፣ ለሁላችንም በአንድ ላይ።

ሚስ ኦሊታ ኬክ ሰጡኝ፤ በላሁት። በልተሽ ካልጨረስሽ አገጬን አስታውሺ አሉኝ። ትንሽ ሳቅሁ። ከዚያ ሁሉም ከየቤተሰቡ ጋር ሄደ። አባዬና እኔ በመኪናው ውስጥ ሬዲዮ ሳንከፍት መጣን።

እሑድ፣ ኖቬምበር 20

ደወለች። አባዬ እጁን መዝጊያው ላይ እንዳደረገ ቆመና ወደ ኋላ አየኝ፣ ከዚያ ወጣ።

ባለፈው እሑድ ያልደወለችው ስልኩ ተበላሽቶ እንደሆነ ነገረችኝ። ብርድ ነው ወይ አለች። ብርድ ነው አልኩ። በዓሉ እንዴት ነበር አለች። ጥሩ ነበር።

"ቦታዬ አለ?"

"የለም። ጌሊን የምትባል ሴት ናት የቆመችበት።"

ውሻው ሁለት ጊዜ ጮኸ። አንድ ሰው ዝም አሰኘው።

"ማን ሰጣት?" አለች። ድምፏ እንደ ትንሽ ልጅ ነበር። ራሷ ነች እኮ ለፈለጉት ይስጡ ያለችው። ግን የምታለቅስ ይመስላል፤ ሐሰት አይደለም፣ የእማዬን ለቅሶ አውቀዋለሁ።

"እኔ" አልኳት። "እኔ ነኝ የሰጠኋት።"

 ቆየሁ። የት ነሽ ልላት እችል ነበር፤ አሁን ድምፅ አለኝ። ናፍቀሽኛል ልላትም እችል ነበር። ትንፋሿን ሰማሁ። እሷም የእኔን ሳትሰማ አትቀርም።

ከዚያ አባዬ ሊመጣ ነው፣ ድንች ልጣድ ብዬ ዘጋሁት። ከዚህ በፊት ቀድማ የምትዘጋው እሷ ነበረች።

ቤት ውስጥ ድንች አልነበረም። ድስቱን ውኃ ሞልቼ ጣድኩት፤ እስኪፈላ ድረስ አጠገቡ ቆምኩ።